የድልድዩ ቀራጭ

ከፖርት ሂዩረን ጫፍ፣ ከወንዙ ከፍ ብሎ፣
በመስታወት ቤቴ ወንበሬ ተተክሎ፣
ሃያ ሁለት ዓመት እጄን እዘረጋለሁ፤
ከሚሻገር ሁሉ ሳንቲም እቀበላለሁ።
ማዶው ካናዳ ነው፤ ወዲህ ሚሺጋን ነው፤
ውሃው ግን አይጠይቅ፣ የቱ ዳር የማን ነው።

ቬርነን ሃስኬን አውቃለሁ፤ ጎማ ቤት ያለው ሰው፣
አሮጌ ፒካፑን ዝገት የጨረሰው።
እሑድ እሑድ ያልፋል እህቱን ሊጠይቅ፣
ማርሊስ ዘንድ በልቶ፣ ተጣልቶ ሊታረቅ።
ጠባቸው የርስት፣ የእናት ዕቃ አይደለም፤
«ማን ይክፈል?» ነው ነገሩ፣ ሰውነት ሲታመም።

«ገበያ ነው ደጉ» ይላል ቬርነን ሲያልፍ፣
መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ ክርኑን ሲደግፍ፤
«እኔን ጨዋ ነጋዴ ያደረገኝ ማን ነው?
ከመንገዱ ባሻገር ያለው ጎማ ሻጭ ነው።
እሱ አምስት ሲቀንስ እኔ ሰባት ቀነስኩ፤
እሱ ንፋስ ሲሸጥ በነጻ አነፈስኩ።
ኢንሹራንሱም ይሻማ፣ ይጋፋ ለኪሴ፤
ምን ቤት ነው መንግሥቱ፣ የሚመርጥ ለነፍሴ?»

ማርሊስ ወዲህ መጥታ ማታ ስትመለስ፣
በግራ ዳሌዋ ስታነክስ፣ ስታነክስ፣
«እኛ ጋ» ትለኛለች፣ «ካርድሽን ነው የሚያዩት፤
ለጉንፋን ሂሳብ የለ፣ ለወሊድ፣ ለስብራት።
ሁላችን እናዋጣለን፤ ሕመም ዕጣ ያወጣል፤
የወጣበት ይተኛል፣ ያልወጣበት ያዋጣል።»
«ዳሌሽስ?» ስላት ግን ዓይኗ ወደ ወንዙ፤
«አሥራ አራት ወሬ ነው፤ ከፊቴ ያሉት በዙ።»

በኅዳር አንድ እሑድ ፒካፑ አልመጣም።
በሚቀጥለው እሑድም አልመጣም።
ልቡ ነው አሉኝ። ከጎማዎቹ መሃል፣
ክሪኩን እንደያዘ ተዘርሮ ወድቋል።

ሲመለስ ከስቷል። መስኮት ዝቅ አደረገ፤
ከመሪው ሥር ገብቶ ወረቀት ፈለገ።
«አምቡላንሱ ከውልህ ውጭ ነው ይላሉ፤
ስምንት ገጽ ጽፈው ‹ክፈል› ብለው ያልፋሉ።
ጭምብል አፌ ላይ ሆኖ፣ በጀርባዬ ወድቄ፣
ይረክስ እንደሆነ ሌላውን ጠይቄ
ልምረጥ ኖሯል?» አለ። ሳቅም አልሆነለት።
«ጎማ ሲፈነዳ ዳር ይዞ መቆም አለ፤
ልብ ሲፈነዳ ግን፣ ማን ሲከራከር ዋለ?
ቢሆንም...» አለና መኪናውን አስነሳ፣
«...ቢሆንም ዳሌዋ እዚህ ቢሆን፣ በሳምንት ትነሳ።»
«በስንት?» አልኩት። ቬርነን ማርሽ አስገባ።

እዚህ በር ላይ ዋጋ ቆሟል፤ እዚያ በር ላይ ቀን።
ሁለቱም እንደኔ እጃቸውን ዘርግተው፣
ሁለቱም እንደኔ ስም ሳይጠይቁ።

በጥር አንድ ቅዳሜ፣ በረዶ እየጣለ፣
ቬርነን መጣ ቀስ ብሎ። «መድኃኒት ነው» አለ፣
«ማዶ ይረክሳል»፤ ድምፁ እንደ ሐሜት ዝቅ ያለ።
በመስተዋቱ በኩል ወደ ኋላው ሲያይ፣
ሦስት መኪና ቆይቶ የእህቱ ባል መሪው ላይ፤
እሷ የኋላ ወንበር፣ ትራስ ተደግፋ፣
የጣሪያቸውን ማደሻ ለዳሌዋ ከፍላ፣
በእኛ ሆስፒታል፣ በእኛ ዋጋ፣
ከዚያ ወረፋ አምልጣ፣ አሁን በእኔ ወረፋ።

ቬርነን ምንም ሳይል እጥፉን ከፈለኝ፣
በአገጩ ወደ ኋላ አመለከተኝ።
ስትደርስ ነገርኳት። መስኮቱን አወረደች፤
«ማን ይክፈል አለው?» ብላ ከት ብላ ሳቀች፤
ስፌቷ አመማትና ሳቋን መልሳ ዋጠች።

እኔን አትጠይቁኝ። የእኔ የውል ወረቀት
«ጥርስ ለብቻው ነው» ይላል፤
ጥርስ ከአካል አይቆጠርም ለካ።
ሁለት ወር ሆነው መንጋጋዬ ሌሊት ሌሊት ሲመታ።
ምላሴን ቀዳዳው ላይ አሳርፌ፣
የቀዘቀዘ ሳንቲም ቆጥሬ፣
መዝጊያውን አነሳሁ።
ቀጣይ።