የባትሪዋ በር

ነሐሴ እዚህ ዝናብ የለው፤ ባሕሩ ነው ቤት የሚገባ፣
መስኮቱ ላብ በላብ፣ ኤሲው እንደ ሰው ሲያነባ።
የሙሐረቅ እርጥበት ጨው ነው፤ ቁልፍ ያዝጋል፣ ስኳር ያቀልጣል፣
ባቄላ የምታክል መስሚያን ትንፋሿን ያቋርጣል።

ስለዚህ ማታ፣ ከኢሻ በኋላ፣ ነጭ ፎጣ አነጥፋለሁ፤
ከእጄ ብታመልጥ ወለሉ እብነ በረድ ነው፤ ዋጋዋን አውቃለሁ፦
የሰባት ወር ደሞዜ።

ቀይ ነጥብ ያለባት የቀኝ፤ ሰማያዊዋ የግራ፤
አንዴ ባቀያይራቸው ቤቱን አመሰው፤ ድመቱ እንኳ ፈራ።
ውሃ አላስነካትም፤ አልኮልም፤ በደረቅ ጨርቅ ብቻ፣
ቀዳዳዋን ቁልቁል ደፍቼ፣ በብሩሽ ጠረግ ጠረግ፣ ኩኩ እስኪወርድ ለብቻ።
ባገሬ ሰምና ወርቅ ይላሉ፣ ሊቃውንቱ ፈገግ ብለው፤
እኔ የማውቀው ሰሙን ነው፤ ጥፍሬ ሥር የሚቀረው።

ከዚያ የባትሪዋን በር ከፈት።
ሲዘጋ ትሰማለች፤ ሲከፈት ትተኛለች።
የትኛው በር ነው ተከፍቶ የማይሰማ?
ክፍቷን፣ እርጥበት የሚመጥ ፍሬ ካለበት ብልቃጥ እከታታለሁ፣
እስኪነጋ እንድትጠማ።

ቡ ጃሲም በልጅነቱ ሉል ጠላቂ ነበር፤ ድንጋይ እግሩ ላይ አስሮ፣
አሥር ክንድ፣ ሃያ ክንድ ወርዶ፣ እዚያ ፈነዳ ያ ጆሮ።
ሐኪሙ "ሉል ትመስላለች" ብሎ መስሚያዋን ሲሰጠው፣
"ሉል ባትሪ አይበላም!" አለ፤ ፈገግታ እንኳ አላማረው።
አዲስ ባትሪ ተለጣፊው ሲነሳለት ቶሎ አይከተትም፤ አንድ ደቂቃ ይተነፍሳል፤
"እኛም ከመጥለቃችን በፊት" ብሎ ደረቱን ነፍቶ ያሳያል።

እውነቱን ልናገር? መስማት ሳይጀምር ይሻለኝ ነበር።
እግሩን እያሸሁ፣ በአማርኛ፣ ጮክ ብዬ የሆዴን ስናገር፦
የደላላውን ዕዳ፣ ወንድሜ ሳያማክረኝ የሸጠውን በሬ፣
የልጄን ጥርስ መንቀል በስልክ መስማቴን፤
እመቤቲቱን ስረግማት ደግሞ፣ በወሎ እርግማን፣ ባገሬ፤
እሱ ራሱን ይነቀንቃል። ግድግዳ እንኳ እንደዚያ አያዳምጥም፤
የማይሰማ ሰው ጓዳ ነው፤ ያስቀመጡበት አይሰረቅም።

መስሚያዎቹ በገቡ በሦስተኛው ሌሊት፣ እጄን ከእግሩ ላይ አንስቶ፣
"ሸምሳ፣ 'እንጃ' ምንድን ነው? ብዙ ትያታለሽ" አለኝ ዓይኔን አይቶ።
(ሸምሲያ ነኝ፤ ግን ተውኩት።)
ምን ልበለው? "አላውቅም" በአረብኛ አለ፤ እንጃ ግን አላውቅም አይደለም፤
እንጃ የደከመው ቃል ነው፤ ቁጭ የሚልበት የለውም።
ከዚያ ወዲያ ማሸት ብቻ፤ ምላሴን ነከስኩ፣
ሳምንት ሙሉ የራሴን ዝምታ አዳመጥኩ።

በስምንተኛው ማታ፣ ገና ፎጣውን ሳላነጥፍ፣
ቀይዋን አወጣ፤ ሰማያዊዋን አወጣ፤ እየተንቀጠቀጠ፣ በጥፍሩ ጫፍ
በሮቻቸውን እሱው ከፈተ፤ መዳፌ ላይ አኖረ፤
ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።
"ያላ፣ ተናገሪ!" አለ፣
የራሱን ድምፅ የማይሰማ ሰው እንደሚናገረው፣ እየጮኸ፤
እግሩንም ዘረጋልኝ።

ተናገርኩ።
ምን እንዳልኩ ለእናንተ አልነግርም፤ እናንተ ትሰማላችሁ።

እንዲህ ሆኖ ቀረ። ቀን ለልጆቹ ይሰማል፤
ስለ ቤቱ ካርታ ሲጨቃጨቁ ሁሉንም ቃል ይለቅማል፤
ማታ ለእኔ ሲል ይደነቁራል።

ዓርብ ዓርብ ግን፣ ልጄ ስትደውል፣ የአንዷን በር ዘግቼ
ቀይዋን ብቻ እመልስለታለሁ፤ የጆሮውን ጫፍ ጎትቼ።
መጀመሪያ ታፏጫለች፤ እስክትመቻች፤ ከዚያ ዝም።
ስልኩን አስጠጋለታለሁ። ልጄ እስከ መቶ መቁጠር ተምራለች፤ በአማርኛ፣ ሳትቆም።
ሰባ ሁለት ላይ ስትደርስ "አሕሰንቲ!" ብሎ ያጨበጭባል፤
ገና ሃያ ስምንት ይቀራታል።