አንድ ስንዝር ዝቅ

ሃምሳ ሁለት ሞላኝ፤ እስካሁን ከሣልኩት
ከወረቀት ወርዶ፣ ቆሞ ያገኘሁት
አንድ ቤት ብቻ ነው፤
ሁለት ሜትር በሁለት፣
ባለ አንድ መስኮት፣
የዘበኛ ቤት።

ከፖስታ ቤት ማዶ፣ በቸርችል ጎዳና፣
የባንኩን በር ይዛ ዛሬም አለችና
ሳልፍ አያታለሁ፤
እንደ ተኳረፍኩት ዘመድ በጎን አያታለሁ።

የቀሩት ሥራዎቼ ቁምሳጥን ላይ ናቸው፣
ቱቦ ውስጥ ተጠቅልለው፣ አቧራ ለብሰው።
ቴያትር ቤት ነበረ፣ ቤተ መጻሕፍት ነበረ፤
አንዱ ገንዘብ አጣ፣ የአንዱ ሚኒስትር ተሻረ፤
አንዱ ደግሞ፣ እውነቱን መናገር ካልቀረ፣
ሲጀመርም ሥዕሉ ጥሩ አልነበረ።

ባለቤቴ ትላለች፦ «ተመስገን በል አንተ!
ቤት አለህ፣ ልጅ አለህ፤ ስንቱ ነው የሞተ!»
እላለሁ።
ግን አፌ ላይ ምሬት ይቀራል፤
የሰው ጉድለት ቆጥሮ እንዴት ይመሰገናል?
በሌላው መራብ ጥጋቤን ለክቼ
ተመስገን የምለው የማንን ሒሳብ ዘግቼ?

ሊሴ ነበር የተማርኩት፣ ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፤
የአባቴ ፔጆ ታደርሰኝ ነበር፣ ጫማዬ ጭቃ ሳያውቅ።
ጋሽ ሽብሩ ይነዳል፤ በር ከፍቶ ያወርደኛል፤
እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዛፍ ሥር ይጠብቀኛል፤
ምሳውን ከጨርቅ ፈትቶ፣ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣
ይበላል፣ ከመሪው ጀርባ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ልጁ ተካልኝ ደግሞ፣ ያለቀ ደብተሬን ይዞ፣
ባልተጻፈበት ኅዳግ፣ በቁራጭ እርሳስ፣ ተክዞ፣
ሕንፃ ያቆም ነበር፣ ጥላው በትክክል የሚወድቅ፤
እኔ ሃያ አራት ቀለም ይዤ፣ ጥላ መኖሩን የማላውቅ።

በሰማንያ ሁለት አብረን ታፈስን፤
አንድ መኪና ላይ ጎን ለጎን ተጫንን።
አባቴ ስልክ አነሣ፤ አንድ ስም ተጠራ፤
እኔ ወረድኩ። መኪናው ሄደ፣ ከተካልኝ ጋራ።

ጋሽ ሽብሩ በማግስቱ፣ እንደ ወትሮው፣ በሰዓቱ፣
የፔጆዋን በር ከፈተልኝ።

ባለፈው ሰኞ ዝናብ አባረረኝና ተጠጋሁ።
ይታይሽ ትባላለች፣ የቀኑ ተረኛ።
ማን እንደሆንኩ ሳልነግራት
«ቤቷ እንዴት ናት?» አልኳት።
«ዝናብ አታስገባም። መስኮቷ ግን፣ ወንድሜ፣
ለመለሎ ነው የተሠራች፤ መንገዱን የማየው እዚህ ላይ ቆሜ»
አለችኝ፣ የለስላሳ ሣጥኗን በእግሯ እየነካች፤
«ቁጭ ካልኩ ሰማይ ነው።»

ይህቺኑም!
ያለችኝን ይህቺኑ አንዷንም!

«ይቺ ሳንቃ ግን» አለች፣ ከግድግዳው የወጣች፣
ክንድ የማትሞላ፣ በክርን የለሰለሰች፣
«ምሳ ዕቃዬን አኖርባታለሁ፤ እንደ ሰው እበላለሁ።
ያሰባትን አላውቀውም፤ እጁ ይባረክ እላለሁ።»

ሳንቃዋን ስሥል ማንን እንዳሰብኩ ያኔ አላወቅኩም።
አሁን ያወቅኩ መሰለኝ፤ ምርቃቱን ግን አልወሰድኩም።

መስኮቷን አንድ ስንዝር ዝቅ ላድርጋት ብዬ
ለባንኩ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ በገዛ ወጪዬ።
«ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» ይላሉ።
ሐሙስ ሐሙስ እሄዳለሁ፤ ሐሙስ ሐሙስ የሉም።
ይታይሽ ከሣጥኗ ወርዳ «አረፍ በል» አለችኝ፤
ቁጭ ብዬ አየሁት።

እውነቷን ነው።
ሰማይ ነው።