ከገጹ የተረፈ

መሐል ሜዳ ላይ ነው፣ ከፍርድ ቤቱ ጓሮ፣
ጣት የሚያደነዝዝ የሐምሌ ጉም አድሮ፣
የከረመ መዝገብ ከአቧራው አራግፌ
ወደ ሰንጠረዡ እከታለሁ ጽፌ።

ስም፦ ጌጤነሽ ጥላዬ።
ዕድሜ፦ ሃምሳ ስምንት።
ፊርማ፦ የአውራ ጣት።
ሁኔታ፦ በሕይወት ያለች።
ጉዳዩ፦ የወሰን ክርክር፣ ከባሏ ወንድም ጋር።

እስከዚህ ልክ ነው፤ ረድፉ አልጠበበውም፣
ሰው ባጭር ቃል ሲያልቅ ማሽን አይከብደውም።

ቃሏ ግን ረዘመ።
ከድንጋዩ ጀምራ፣ አማቷ ከተከሉት፣
ሌሊት ሰው ሳያየው ሦስት ክንድ ካራቁት፣
ገብሱን አስታውሳ፣ ውርጭ የፈጀውን፣
ባሏን አስታውሳ፣ ሳል የወሰደውን፣
ደግሞ ተመልሳ፦ «ድንጋዩን ልንገርህ» —
የችሎቱ ጸሐፊ፣ ብዕሩ ያዘነላት፣
አንዲት ቃል ሳይጥል አርባ ገጽ ጻፈላት።

የማሽኑ ገጽ ግን ልኩ የታወቀ ነው፣
ስምንት ሺህ ባይት፤ ለጌታም ለሎሌም ያው ነው።
ደንቡም እንዲህ ይላል፦ ቢያንስ አራት ባለጉዳይ
ይቀመጥ ባንድ ገጽ፣ አንዱ አንዱን ሳይገፋ፣ ሳይወጣ ከላይ።

መጀመሪያ ያጥፈዋል፣ እንደ ከረመ በርኖስ፣
ከክንድ ወደ ስንዝር ወርዶ እስኪያንስ።
«ድንጋዩ» ያለችውን፣ ሰባውንም ጊዜ ሁሉ፣
አንዴ ይጽፍና «እንደ ላይኛው» ይላል ቀሪውን በሙሉ።
አሁንም ካልበቃ፣ ቆራርጦ፣ ቆራርጦ፣
ለየቁራጩ ሁሉ ቁጥር አስቀምጦ፣
እጓዳ ይዘልቃል፣ ሌላ መዝገብ መርጦ።
በፊተኛው ረድፍ፣ ቃሏ በነበረበት፣
ጠባብ ምልክት ብቻ፦ «እዚያ ነው፤ ሂድበት።»

«እንደ እናቴ» አለኝ ልሳነወርቅ ስቆ፣
«'ደህና ነኝ' ትላለች፤ ሌላው ጓዳ ርቆ።»

ከወረዳው ሪፖርት ሲጠየቅ በወሩ፣
የሚሄደው ስሟ ነው፣ የመዝገብ ቁጥሩ።
ጓዳውን የሚያንኳኳ የለም። ካልጠሩት አይወጣም፤
የማሽኑ ፍጥነት ለዚህ ነው፤ ያልተጠየቀውን አያመጣም።

በነሐሴ ልጇ መጣ፣ ጸጉሩን ተላጭቶ፣
የቀበሌ ወረቀት ከብብቱ አውጥቶ።
«በሕይወት ያለች»ን አጠፋሁ።
«የሞተች» ጻፍሁ።
ያችን ብቻ።
ረድፏ እንደ አዲስ ይጻፋል፤ አሮጌው ይጣላል፤
ያ ጠባብ ምልክት ግን እንዳለ ይገለበጣል።
ጓዳ ያለ ቃሏን ማንም አልነካውም፤
መሞቷን አልሰማም፤ የነገረው የለም።

ማታ፣ መብራት ሳይሄድ፣ ልሳነወርቅ ሲወጣ፣
ለሪፖርት አይደለም፣ እንዲሁ «ይምጣ» አልሁት፣ ይምጣ።
ቁራጩ በየተራው፣ ስፌቱ ሳይታይ፣ ገጠመ፤
በርኖሱ ተዘረጋ፤ ገጹ ወደ ታች ረዘመ፤
ጉሙም እመስኮቱ ቆመ።

«ድንጋዩን ልንገርህ።
ሦስት ክንድ ነው። ሰው ነግሮኝ አይደለም፤
ለክቼዋለሁ፣ ማለዳ፣
በዚህ በክንዴ።»