ጉልበት

ዐሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ከመጋዘኑ በር፣
ጆንያ ሲንጠለጠል ቆሜ እመዝን ነበር።
ከአዌቱ ማዶ፣ ጅማ፣ ቡናው ሲራገፍ ውሎ ሲያድር፣
ጣቴ ከእርሳሱ ላይ፣ ዓይኔ ከቁጥሩ ላይ፣
ጉልበቴ ከሥር ነው፣ ማንም ሰው ሳያይ።

ትንሽ ቀና ሲል ጉልበቴ ከሥሩ፣
ሦስት ኪሎ ይጠፋል፣ ይቀላል ቁጥሩ።
"ስልሳ ሁለት!" እላለሁ ስልሳ አምስቱን ቡና፤
ገበሬው ያምነኛል፣ ጽሕፈት አለኝና።
ነጋዴው በዓመት በዓል በግ ይልክልኛል፣
"እጅህ ይባረክ" ብሎ ትከሻዬን ይዞ ይስቃል፤
እጄን ነው የመረቀው፤ ጉልበቴን ግን ያውቃል።

ምን እንደ ነካኝ አላውቅም። የሰኔ ዝናብ ነበረ፣
ቆርቆሮው ሲጮህ ዋለና ሲጮህ አደረ።
በዚያ ሌሊት ያ ጉልበት አብጦ ሲጠዘጥዘኝ፣
አንድ ነገር ከውስጤ "ከሥር ያለውን አየሁት" አለኝ።

መምሬ ላቀው ዘንድ ሄድሁ፤ ተናዘዝሁ፣ አለቀስሁ።
"ሰባት ቀን ጹም፣ በቀን አርባ አንድ ስገድ" አሉኝ። ሰገድሁ።
ያው ጉልበት ነው የሚሰግደው፣ ያው የቡና ሌባ፣
መሬት እየሳመ ሰማይ ቤት ሊገባ።

በስምንተኛው ቀን ቀለለኝ። ደስ አለኝ።
"ጨረስሁ፣ አባቴ" ብዬ የተላጠ ጉልበቴን
እንደ ደረሰኝ አሳየኋቸው።
መምሬ ላቀው አላዩትም። መቋሚያቸውን ተደግፈው፣
"ባለ ጆንያውስ ምን አሉ?" አሉኝ።
"እግዚአብሔርን ይቅር በለኝ ብዬዋለሁ።"
"እሱማ ደግ ነው" አሉ።
"ሦስት ኪሎ የጎደለበት ግን እሱ አይደለም። ሂድ፤ የጎደለበትን እየው።"

ወደ ሰቃ ወረድሁ። ጭቃው ጫማዬን ሁለቴ ነጠቀኝ።
የአባ ቡልጉን ቤት ስጠይቅ አንድ ልጅ መቃብር አሳየኝ።
ሚስታቸው አዴ ሹክሪያ እደጅ በቆሎ ይፈለፍላሉ፤
ብሩን በመሐረብ ቋጥሬ፣ ከብሩ ይልቅ ከብዶኝ ቃሉ፣
ነገርኋቸው። ሦስት ኪሎ። በየጆንያው። ዐሥራ ሦስት መኸር።
እጃቸው ለጥቂት ጊዜ መፈልፈሉን አልተወም ነበር።
ከዚያ ተወ።

"ባሌ" አሉ፣ "እዚሁ ቤት በድንጋይ ይመዝን ነበረ።
እዚህ የሞላው እዚያ ሲጎድል፣ እያደር ልቡ ሻከረ።
አንተን አልጠረጠረም፤ አንተ ጽሕፈት ታውቃለህ።
በበቅሎ የሚጭነውን ልጃችንን ነው፣ 'መንገድ ላይ ትሸጣለህ፣
ሌባ ነህ' ያለው፣ በዚህ ደጅ፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ።
ኑረዲን የበቅሎዋን ገመድ አስቀምጦ ወጣ በጨለማ።
አባቱ ሲቀበርም አልመጣ።"
መሐረቡን አልነኩትም።
"ይኼ የቡናው ነው" አሉ። "የልጁስ?"

እኔ ኃጢአቴን በኪሎ ነበር የማውቃት።
ለካ ከበቅሎዋ ኋላ ኋላ ሄዳ ሰው ቤት ገብታለች፣
ከአባት አፍ ቃል ሆና ወጥታ ልጅ አሳዳለች።
ምንጣፍ ላይ መውደቅስ ቀላል ነበር፤ ምንጣፍ አይጠይቅም።
ምንጣፍ "የልጁስ?" አይልም።

ልጁ ሚዛን ተፈሪ ነው አሉኝ፤ ጎማ ይጠግናል።
ሌሊት ዐሥራ አንድ ሰዓት፣ ጅማ መናኸሪያ ቆሜአለሁ።
ጉም ነው። ጉልበቴ ያመኛል። መሐረቡን ይዣለሁ።
ምን እንደሚለኝ አላውቅም። ቢመታኝ፣ ድርሻው ነው።
ይቅር ባይለኝም የእኔ ነገር አይደለም፤ እሱ የሚያውቀው።
ብቻ ሰው ባለበት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣
"ሌባው እኔ ነበርሁ" ልበለው።

ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ጉሙን በጩኸት ይሰነጥቃል፦
"ሚዛን! ሚዛን! አንድ ሰው የቀረው! ለሚዛን አንድ ሰው!"

መወጣጫው ከፍ ያለ ነው።
ጉልበቴን በሁለት እጄ ይዤ አነሣሁት።