ከነልጇ

እንቆቅልሽ! አለችኝ ከተማዋ በወረቀት፣
በስድስት ዩሮ የገዛሁት፣ ከሩርድ የትንባሆ ቤት።
ምን አውቅልሽ? አልኳት።
ካርታ አለው፤ ሰባት ጥያቄ፤ አስጎብኚ የለው መሪ፤
«በራስሽ እግር ነው መንገዱ፤ አንብቢና ቁጠሪ፤
መልሱ ሁሌም ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲገጥም ከቁልፉ
ትከፈታለች ሣጥኗ፣ ከአደባባዩ ከጫፉ።»

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አራት ቁጥር ትራም ነዳሁ፤
በእነዚህ ድንጋዮች መሃል ደወል መትቼ አለፍሁ።
«ቀጣይ ፌርማታ፣ ሚዛን ቤት»፣ ይኸው ነበር የእኔ ቃል፤
ሰው ይወርዳል፤ ሰው ይወጣል፤ በሩ ተፍ ብሎ ይዘጋል።
ዛሬ ዕረፍቴ ነው፤ ዝናብ ነው፤ ከፊምከ ጋር ነኝ፣ ከልጄ፤
ዘጠኝ ዓመቷ፤ ወረቀቱን ነጠቀች ገና ከእጄ።

አንደኛው፣ ሚዛን ቤቱ። ዛሬ የስልክ መሸጫ ነው፤
ግድግዳው ላይ ስንት መንጠቆ? አምስት፤ አንዱ የዛገው።
አይብና ሱፍ ተመዝኖ ሲያልቅ፣ በገበያው ማለቂያ፣
ሴት ይሰቅሉበት ነበር አሉ፣ ለጥንቆላ መለኪያ።
ቀላል ከሆነች ትበራለች፤ ከከበደች ሰይጣን አዝላለች፤
ከሁለቱ መሃል ያለችው፣ አልተጻፈም የት ደርሳለች።
ፊምከ ሳቀች፤ «እማ፣ አንቺ ስንት ኪሎ ትሆኛለሽ?»
«ለመብረር እከብዳለሁ፤ ይልቅ ቁጥሩን ጻፊ እባክሽ።»

ሦስተኛው ከድልድዩ ላይ። ዝይ ከዳክዬ ይጣላል፤
አንድ ሽማግሌ ድንች ጥብስ በማዮኔዝ ይበላል።
እጅ እግሯን አስረው፣ ይላል፣ ከዚህ ላይ ሆነው ጣሏት፤
ብትንሳፈፍ ጥፋተኛ፤ ብትሰምጥ ንጹሕ አሏት።
«የድልድዩን ቅስት ቁጠሪ፤ በሁለት አባዢው» ይላል።
ሦስት። ስድስት። ውኃው ዝም ነው፤ ከሥሩ ጀልባ ያልፋል።

የሰይፈኛው ቤት ደግሞ፣ ያ የእኔ የጥርስ ሐኪም ቤት!
አምና ከመንጋጋዬ ላይ አንድ ጥርስ የነቀሉበት።
ማንም እጁን አይጨብጥም፤ ዳቦው እንኳ ተገልብጦ
ይቀመጥለት ነበር አሉ፣ የጠቆረው ተመርጦ።
«ልጆችስ ነበሩት?» አለች፤ «ማን ያጫውታቸው ነበር?»
ወረቀቱ ይህን አልጠየቀም።
እኔም ዝናቡን አየሁ።

አደባባዩ ላይ ደረስን። የእንጨት ፈረስ ይዞራል፤
እሳቱ የነደደበት ዛሬ የስኳር ጥጥ ይሸጣል።
መዳብ ሰሌዳ፣ ሐረግ የዋጠው። «ስንት ናቸው?
ቁጠሪና ሣጥኑን ክፈቺ።» ሐረጉን ገለጥንላቸው።
ፊምከ በጣቷ እየሄደች ጮክ ብላ አነበበች፦
አልይድ፣ የገመድ ሠሪው ሚስት።
ባርበል፣ ባሏ የሞተባት።
ኔልከና ታነከ፣ እህትማማቾች።
...
ማርግሪት፣ ከነልጇ።

«አሥራ አንድ» አልኩ። ቁልፉ ቋ አለ፤ ሣጥኗ ተከፈተች፤
ቸኮላት፣ ማኅተም፣ «ጎበዝ!» የምትል ካርድ አለች።
ፊምከ አልነካችውም።
«አሥራ ሁለት ናቸው» አለች።
«ከነልጇ ይላል፤ ልጇስ?»
«ስሟን እኮ አልጻፉም።»
«ስሟን አልጻፉም እንጂ፣ አልነበረችም አላሉም።»
«ወንድም ሊሆን ይችላል።»
«ይሁን። እሱም አንድ ነው።»

ሣጥኑን ዘጋች፤ ቁልፉን እንደገና አዞረች፤
በአሥራ ሁለት ሞከረችው። እምቢ። ደግማ ሞከረች።
እምቢ።

ከነ። ከነኮቱ እንደሚባለው፣ ከነጫማው፣ ከነዕቃው፤
ከእናቷ ጋር የነደደችው በአንድ ፊደል ታዝላ ነው።
እኔም በዝናቡ መሃል ቆሜያለሁ፣ ከነልጄ፤
ትንሿ መዳፏ ሞቃለች፣ ቀዝቅዞ ሳለ እጄ።

በአሥራ አንድ ከፈተችው። ከወረቀቱ ጀርባ ላይ
«አሥራ ሁለት» ብላ ጻፈች፤ አኖረችው ከቸኮላቱ በላይ፣
ለሚመጣው ሰው።

አላወቅሽም፤ አገር ስጪኝ! አለችኝ ከተማዋ።
ምን ሌላ አገር አለኝና፤ ያለችኝ እሷው፣ አንዷ።
እሷን ሰጠኋት፣ ለራሷ፣ ከነመንጠቆዋ፣ ከነውኃዋ።

ነገ በንጋት ሥራ አለኝ።
«ቀጣይ ፌርማታ፣ አደባባይ»፤ ሰው ይወጣል፤ ሰው ይወርዳል፤
እኔ ግን በሩን ሳልዘጋ ጥቂት እቆያለሁ፣
አንዲት ትንሽ ልጅ ደረጃውን
ወርዳ እስክትጨርስ ያህል።