ካልሆነስ

አሞራ ገደል ላይ፣ ጀልባ ሲራገፍ፣
ሚዛኑ አጠገብ፣ ከእርጥቡ ግንብ ጫፍ፣
አንድ ላፕቶፕ አለ፣ ቅርፊት ያረፈበት፣
የማኅበሩን ሒሳብ እኔ ያስተማርኩት።

«ቆሮሶ ከሆነ፣ ዋጋ ይህን ያህል፤
አምባዛ ከሆነ፣ ዋጋ ያን ያህል»
ብዬ ነው የጻፍኩት፣ መብራት ጠፍቶ ሳለ፣
ባትሪው «አለቅሁ፣ አለቅሁ» እያለ።
ሦስት ሳምንት ሙሉ ሐይቁ ሳይቃወመኝ
ሁለቱን ብቻ እየሰጠ አታለለኝ።

ሐሙስ ጠዋት ግን መጣ ዳንጊሶ፣
ሹራቡን እስከ ክርኑ አርሶ፤
ከመረቡ እጥፋት፣ ከአምባዛው ሥር፣
ቢልጫ አወጣ፣ ጎኑ እንደ ናስ የሚያበር።

ዝናሽ መዘነችው። ሁለት ኪሎ ተኩል።
ቁልፉን ነካች። ቀይ ጽሑፍ። ቀጥ።
ደወለችልኝ፦ «ዓሣው ይኸው፣ ሚዛን ላይ ያለ፤
‹ዋጋ የሚባል አላውቅም፣ የለም› አለ እንጂ ማሽኑ፣
ዓሣውማ አለ።»

እውነቷን ነው። ስሙን ያወጣሁለት ከግቢ ውስጥ ነው፣
«ከሆነ» ከሚሉት በር አልፎ ለገባው፤
ሁለቱም በር ሲዘጋ፣ ደጅ የቀረው መስመር
ያልተወለደ ልጅ በሁለት ኪሎ ተኩል ሊያባዛ ጀመር።

ከፒያሳ ስወርድ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ በስልኬ አረምኩት፦
ከሁሉ አስቀድሞ፣ ከአናቱ፣ «ዋጋ ዜሮ» አልኩት።
ቀዩ ጠፋ። ማሽኑ ታዛዥ ሆነ፣ ደረሰኝ አወጣ፤
ለዳንጊሶም ዜሮ ብር ከዜሮ ሳንቲም መጣ።

ወረቀቱን አየው፤ ገልብጦም አየው፤
«ይኼ ለቢልጫው ነው፣ ወይስ ለእኔ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ስሕተቱ ጮኾ ነበር፤
በዝምታ የሰረቀው እርማቴ ነበር።

የዚያን ማታ ሦስተኛ በር ከፈትኩ፣ ከሁለቱ ሥር፦
ካልሆነስ? ካልሆነ፣ ዜሮ ብለህ አትዋሽ፤ አትደምር፤
«ገና አልታወቀም» በል፤ ቁም፤ ዝናሽን ጥራት፤
ዓሣውን በዓይኗ ያየች እሷ ትናገርበት።

ዳንጊሶ ቢልጫውን አልሸጠውም።
«ሚዛን ያላወቀውን ልጆቼ ያውቁታል» ብሎ፣
በሣር አስሮ ይዞት ሄደ።
እኔን ግን አልተወኝም፤
መቅዘፊያውን አንሥቶ፣ አንገቱን አዙሮ፣
ይጠራኛል ዛሬም፦ «ዜሮ! አንተ ዜሮ!»

«አቤት» እላለሁ።