ሞተሩ ያረፈበት ሌሊት

አባቴ ቴሌኬ ሠላሳ አንድ ዓመት
በቱቫሉ ዳርቻ ያለች ጠባብ ደሴት
ዲዝል እያጎረሰ፣ መብራት ቀለባት።

ማታ በአሥራ ሁለት መዘውሩን ሲያዞረው፣
“ሽማግሌው” ያልነው ሞተር፣ ሳል እያጣደፈው፣
ተነሥቶ ሲያጓራ ምድሩን አናወጠው።
አራት ሰዓት ሲሆን መልሶ ያስተኛዋል፤
ከዚያ ጨለማ ነው፤ ሁሉም ይለምደዋል።

መርከቢቱ ስትቀር፣ ማዕበል ሲያግዳት፣
በርሜሉ ሲያዛጋ፣ ሆዱን ነፋስ ገብቶት፣
“መብራቱስ፣ ቴሌኬ?” የማይለው የለም፤
መርከቧን የደበቃት ይመስል፣ አንድ ሰው አያምነውም።

እኔ በክሊኒኩ፣ በዚያች ባንድ ክፍል፣
ክትባቱን ይዤ በጨርቅ ስጠቀልል፣
በረዶው ሲቀልጥ ስቆጥር ጠብታ፣
ስንቱን ብልቃጥ ደፋሁ፣ ስንቱን ቀበርኩ ማታ።

ታዲያ ባንድ ግንቦት መርከቢቱ መጥታ፣
በርሜል ስንጠብቅ አወረደች ገበታ፤
ጥቁር የመስታወት ገበታ፣ ሰማይ የሚቀርብበት፤
ካሳማው ጋጥ ኋላ በረድፍ ተተከለ፣ ችካል ተመታለት።

ከፉናፉቲ የመጣች፣ ማሊያ፣ መሐንዲስ፣ ልጅ እግር፣
ስለ ባትሪው ስትነግር፣ ስለ ሽቦው ነገር፣
አባቴ ዝም አለ።
በመጨረሻ ግን፣
“ድምፁ የት ነው?” አላት።
ሳቀች። “ፀሐይ እኮ አትጮኽም” አለችው።

ፀሐይ የሞቀውን አገር ሁሉ አወቀ፤
የቴሌኬ ሥራ በዚያች ቀን አለቀ።
ለሱ ግን የነገረው አንድም ሰው አልነበር፤
“ቁልፉን አንተው ያዘው” አሉት፣ ለማክበር።

የመጨረሻዋ ማታ፣ አራት ሰዓት ላይ፣
ማንም ሳያዘው ሄደ፣ ወደ ኋላ ሳያይ፤
እጁን በሞተሩ ጎን አሳርፎ ቆየ፣
እስኪበርድ ድረስ።
ከዚያ ተለየ።

መብራቱ ግን አለ፤ ባምስት፣ በስድስት፣ በሰባት ሰዓት፤
እናቴ ሴሉካ መረብ ትጠግናለች፣ ሌሊቱ ሆኖላት ንጋት።
የጎረቤት ሕፃን ባንኖ አለቀሰ፤
እሹሩሩ ብሎ ያሳደገው ሞተር፣ ዝም ቢል፣ ሆዱ ባሰ።

እኛም ያኔ ሰማን
ሠላሳ አንድ ዓመት ጆሯችን ያልሰማውን፣
ከደጃችን በታች የሚላወሰውን።
ባሕሩን።
ልጅ ሳለሁ ከማውቀው ቀርቧል፣ እጅግ በጣም፤
ፑላካው በጉድጓዱ ጨው ጠጥቶ ሲጠወልግ ምክንያቱን አላጣንም፤
ብቻ፣ ኮቴውን አንሰማም።
የሽማግሌው ሳል ሸፍኖልን ኖሯል።

የኛ አንድ በርሜል ጭስ ባሕር አላሳበጠም፤
የኛ አንድ ገበታም ባሕር አይመልስም።
ይህን ማሊያም ታውቃለች፣ አባቴም ያውቃል፤
ታዲያ በየጧቱ ጎሕ ሲቀድ ለምን ይወጣል?

ዘይት የጠጣውን የሥራ ሸሚዙን ቀዶ፣
የዝናብ ውኃ ቀድቶ ባልዲውን ወስዶ
ጨዉን ይወለውላል፤ የወፍ ኩስ ሲያይ
ይሳደባል ጮኾ፣ አንጋጦ ወደ ላይ።

አንድ ቀን “ና ስማው” ብለው፣ ጆሮውን ለጥፎ
ከክትባቱ ፍሪጅ በር ቆየ ተደግፎ፣
ደረት እንደሚያዳምጥ ሐኪም፣
ትንፋሹን ውጦ።
እኔ ብልቃጥ ቆጠርኩ፤ አንድም አልጎደለ።
“ትንሽ ነው” አለኝ፣ ቀና ብሎ፤ “ቢሆንም፣ አለ።”